ስለ ዕድራችን ፍራሾችና በውስጣቸው ስለሚኖሩት አባላት

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ምንይሉ ፋንታ፣
የሾላ ሥር መረዳጃ ዕድር ሊቀ መንበር፣
ቢቸና

ግልባጭ፦ ለዕድሩ አባላት በሙሉ በቴሌግራም ግሩፓችን፤ ስልክ ለሌላቸው በዕቃ ቤቱ በር ላይ በሙጫ ተለጥፎ፤ ሞጣ ላሉ የሚያሳክካቸው ወገኖችም እንዲደርስ።

ክቡር ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ቆዳዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከነአባቴ ደህና ነኝ፤ ደህና ብቻ አይደለሁም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። የደስታዬ ምንጭ እርስዎ ሆነው ሳለ ለብቻዬ ብይዘው ውለታ ቢስ እንዳያሰኘኝ ብዬ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተነሣሁ። እንደሚያውቁት ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፣ አፌ ግን አያርፍም፤ ስለዚህ ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ። እኔም የእርስዎን ስብሰባ ስንት ዘመን ተቀምጬ ታግሻለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ታሪኩን ለማያውቁት ከመጀመሪያው ልንገራቸው። ባለፈው ዓመት ፍልሰታ እንደተፈታ አክስቴ እማማ ይርጋነሽ ከእኔ ቤት አረፉ። ዕድራችን ወጉን አላጓደለም፤ ጥሩንባው ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደረደረ፣ ከሩቅ መጥቶ ለሚያድር ለቀስተኛም የዕድሩ ፍራሾች በጋሪ ተጭነው መጡልኝ። በእነዚያ ፍራሾች ላይ ዘመዶቼ አደሩ። ሲነጋ ከግንደወይን የመጣችው የአክስቴ ልጅ ክንዷን እያከከች፣ «እኅቴ፣ በእናንተ አገር ሐዘን ቆዳ ላይ ነው እንዴ የሚወጣው?» አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ የዋህ ነበርሁና በቁንጫ አመካኘሁ። ሐዘኑ ሲያበቃ ፍራሾቹ ወደ ዕቃ ቤት ተመለሱ፤ በውስጣቸው ከነበሩት ትኋኖች ግን ብዙዎቹ ቤቴን ወደውት ቀሩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ስጦታው አመሰግናለሁ። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ለሐዘንተኛ ድንኳን፣ ወንበርና ፍራሽ እንደሚሰጥ አንብቤአለሁ፤ ነፍስ ያለው ነገርም እንደሚጨምር ግን በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ እስካሁን አላገኘሁትም። ስጦታ ሲሉ ደግሞ እንዲህ ነው! ድግስ አይጠይቅ፣ ቀለብ አይጠይቅ፣ የራሱን ቀለብ ከሰው ገላ ራሱ ይቀዳል፤ አንዱን የሰጠ በወሩ ሺህ ሰጠ ማለት ነው። አባቴ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል፣ ከአልጋ ከዋሉ የከረሙት፣ ቀንም ሌትም የማይነሡ በመሆናቸው ከሁላችንም ይልቅ የዚህ ስጦታ ተካፋይ ሆኑ።

ሁለተኛ፣ ስለ ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ሰው ሳይሰማ፣ ዕድሩም ሳይታማ ብዬ ደጅዎ ድረስ መጥቼ፣ ጋሼ፣ ፍራሾቹ ሌላ ለቀስተኛ ቤት ሳይሄዱ ተፈተው ፀሐይ ይምቷቸው ብዬ ለምኜዎት ነበር። እርስዎም ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ «ትኋን? በዕድሩ ንብረት? አንቺ ሴት፣ እኔን ልታዋርጂ ነው የመጣሽው?» አሉኝ። እኔ ስለ ፍራሽ ስነግርዎ እርስዎ ስለ ራስዎ መስማትዎ አስገርሞኝ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በተከታዩ እሑድ ግን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡን ከሾላው ሥር ሰብስበው፣ ሰፈራችንን የሚያምሰው ትኋን ምንጩ የአየሁሽ ቤት እንደሆነ፣ ቤቷ መጥራቱም በኮሚቴ እስኪረጋገጥ ድረስ የዕድሩ ንብረት እንዳይሰጣት፣ አባላትም ደጇን ረግጠው እንዳይቀመጡ አወጁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል እሰማ ነበር፤ እከኩ እግር አውጥቶ ሲሄድ ያየሁት ግን በእርስዎ ዘመን ነው። ደግሞም ዝም ብለው አላወጁም፤ ጥሩንባ አስነፉ። ጥሩንባ በአገራችን የሚነፋው ሰው ሲሞት ነበር። እርስዎ ግን እኔ በቁሜ እየሰማሁ ለስሜ አስነፉልኝ፤ ይህን ያህል ክብር ያገኘ አባል ከእኔ በፊት ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ኑሮዬ ምን ያህል እንደቀለለ ብነግርዎ አያምኑኝም። ወፍጮ ቤት ስገባ ሰልፉ እንደ ቀይ ባሕር ይከፈልልኛል፤ ሳልጋፋ አስፈጭቼ እወጣለሁ። ገበያ ላይ የሚጋፋኝ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስቆም በቀኜም በግራዬም ሜዳ ነው፤ ስሰግድ ክንዴን የምዘረጋበት ቦታ ሞልቶኛል። ጎረቤቴ እሳት ልትጫር ስትመጣ እንኳ ከአጥር ውጭ ቆማ በአካፋ አቀብዪኝ ትለኛለች። ለዚህ ሁሉ ምቾት ምስጋናው የእርስዎ ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን ምስጋናዬ ያልቃል። አባቴ አዋጁን ሰምተዋል፤ ዓይናቸው እንጂ ጆሯቸው አልደከመም። እኚህ ሰው ጉልበታቸው ሳይከዳቸው በፊት በዚህች ከተማ ያልቆሙበት ፍትሐት የለም፤ የእርስዎንም አባት ሲሸኙ ሌሊቱን ቆመው ያደሩ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን እግራቸውን ሳጥባቸው፣ «አየሁሽ፣ በዚህ ሰሞን ብሞት ማን ይቀመጣል?» አሉኝ። ኧረ አባባ፣ ምን ነካዎ ብዬ ላስቀይስ ብል፣ «ሞቱንስ ስጠብቀው የኖርሁት ነው፤ እዝን የሚቀምስ ሰው የሌለበትን ቤት ነው የፈራሁ» አሉ። የሰው ሁሉ ሐዘንተኛ የነበረ ሰው ለራሱ ሐዘንተኛ ሊያጣ ነው። ለዚህኛው አመሰግናለሁ አልልዎትም፤ ወደ ቀልዴ ልመለስ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምናው አመሰግናለሁ። በጥቅምት ኮሚቴዎን አስከትለው፣ እኔ ገበያ በዋልሁበት ሰዓት፣ ለእህል ነቀዝ የሚረጨውን መድኃኒት በጀርባ በሚታዘል መርጫ ተሸክመው ቤቴ ገቡ። አባቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ኧረ ልጆቼ፣ እኔ አለሁ!» ቢሉ፣ «አይዞዎት መሪጌታ፣ ሰው አይነካም» ተብሎ ተረጨባቸው። ስመለስ አባቴን ሳል ይዟቸዋል፤ ያ ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። የምትጥልልኝ ዶሮዬ ደጃፍ ላይ ተዘርራ አገኘኋት፤ የዕድር አባል ስላልነበረች ጥሩንባ አልተነፋላትም። ትኋኖቹ ግን አንዳቸውም የሞተ እንዳይመስልዎ፤ ሽታው ሲበዛባቸው በግድግዳው ስንጥቅ ተሻግረው ወደ ጓዳ ገቡ፣ ሽታው ሲያልፍ እየተጠራሩ ተመለሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው፤ አህያው ከእርስዎ ዕቃ ቤት ቆሞ እያናፋ፣ እርስዎ የእኔን ዳውላ ደበደቡ።

አራተኛ፣ ማንም እንዳይረዳኝ ማዘዝዎን አመሰግናለሁ፤ ሥራ አስተማሩኝ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ በአጥር በኩል ሆና እንደነገረችኝ ትኋን ቆሻሻ ንጹሕ ብሎ አይመርጥም፣ የሚሻው ደም ነው፤ ሳይበላም ወራት ይቆያል። ከስብሰባ አዳራሻችን ሰዎች ጋር በዚህ ይለያያሉ። እኔም የበጋው ፀሐይ እስኪጠነክር ጠብቄ ዘመቻዬን ጀመርሁ። አልጋዎቹን ፈታታሁ፤ በየብሎናቸው ቀዳዳና በየእንጨቱ ስንጥቅ የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ አፍ አንቆረቆርሁ። ጋቢውን፣ ቡሉኮውን፣ አንሶላውን በድግስ ጎላ ቀቀልሁት። የማይቀቀለውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቆርቆሮው ክዳን ላይ ፀሐይ አስመታሁት። የፍራሹን ስፌት ተርትሬ ጥጡን አውጥቼ አራገፍሁ፣ ጨርቁን ቀቀልሁ። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በእበት መረግሁ። የአባቴን ዳዊት እንኳ ከማኅደሩ አውጥቼ ቅጠል በቅጠል ገለጥሁት፤ አባባም፣ «በመዝሙሩ መካከል ካገኘሽ አትግደዪው፣ ሊማር መጥቶ ይሆናል» አሉኝ፤ ከሳላቸው ጋር እየታገሉ ነበር የሳቁት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ እንቁላሉ ይፈለፈላልና በየሳምንቱ እየመለስሁ በጋውን ሁሉ ስቀቅልና ስመርግ ከረምሁ። ዛሬ ቤቴ ነጭ አንሶላ ላይ አንድ ነጥብ የማይታይበት ቤት ነው። ኮሚቴዎ መጥቶ ያረጋግጥልኝ ብዬ በየጊዜው ብለምን፣ «ምልዐተ ጉባኤ አልተሟላም» ተባልሁ። ሊረጭ ሲመጣ ግን ተሟልቶ ነበር።

አምስተኛ ነው ስድስተኛ፣ ቁጥሩ ጠፋኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን ደስታ ስለሆነ ቁጥር አያስፈልገውም።

በጥር መባቻ የጠቅላላ ጉባኤው ቀን እጄን አውጥቼ፣ ሌላው ቢቀር ፍራሾቹ ይቀቀሉ፣ እኔው እቀቅላቸዋለሁ አልሁ። እርስዎም ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው፣ ጋቢዎን ወደ ትከሻዎ መልሰው፣ «የዕድሩ ፍራሽ ንጹሕ ነው! እንኳን ለለቀስተኛ፣ በልጄ ሠርግ ለአማቾቼ አነጥፈዋለሁ!» አሉ። ጉባኤው አጨበጨበ፤ ይመኑኝ፣ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነበርሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ልጅዎ ስጦታው በዚያው ወር ከጥምቀት በኋላ የሞጣውን የአቶ ሀብተ ሥላሴን ልጅ አገባ፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ይህን ከልቤ ነው የምለው፣ ልጁ አባቱን አይመስልም። በቅልቅሉ ቀን አማቾችዎ ከሞጣ በሚኒባስ መጡ። እኔ በዚያን ዕለት ከጓዳዎ ነበርሁ፤ ባለቤትዎ ወይዘሮ ጥሩአየሁ አዋጅዎን ከምንም ሳይቆጥሩ፣ ነይና ሽንኩርት ክተፊልኝ ብለውኝ መጥቼ ነው። እንግዶቹ ገና ተቀምጠው እግራቸውን ሳያሳርፉ የዕድራችን ንብረት ያዥ ሰማው ጋሪ እየነዳ ደጁ ላይ ደረሰ። ሰማው የታዘዘውን የሚፈጽም እንጂ የሚያመዛዝን ሰው አይደለም፤ ለዚያ ሥራ የመረጡትም ለዚሁ ነው። ድንኳን በሚያቋርጥ ድምፁ፣ «ጋሼ ምንይሉ! በጉባኤ ለአማቾቼ አነጥፈዋለሁ ያሉትን ፍራሽ ይዤ መጥቻለሁ! የት ላራግፈው?» አለ።

አቤት የዚያች ሰዓት ፊትዎ! ሥዕል የሚችል ሰው ብሆን ስዬ ከዕድሩ አዳራሽ እሰቅለው ነበር። ከእንግዶቹ አንዲት አሮጊት፣ «የለቅሶ ፍራሽ ለሠርግ ቤት? ምን ጉድ ነው?» ብለው አማተቡ። የዕድራችን ሽማግሌዎች ሁሉ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው ያዩዎታል። መልሰው ቢሉ የፍራሹን ትኋን አምነዋል፤ አንጥፈው ቢሉ አማቾችዎን ለትኋን ሰጥተዋል። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከጓዳ ብቅ ብለው፣ እጃቸው እንደራሰ፣ «እባክህ ምንይሉ፣ ከጎረቤት ንጹሕ ፍራሽ ልለምን፣ ለእንግዳ ሲባል» አሉዎት። እርስዎ ግን፣ «ዝም በዪ! አንጥፈው ሰማው!» አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ክብርዎን ይዘው እንግዶችዎን ለቀቁ። ሰማውን ማን ላከው ብለው እንደሚያጠያይቁ ሰምቻለሁ። እኔ አልላክሁትም። ከሠርጉ ቀደም ብሎ ወፍጮ ቤት ሰልፉ ሲከፈልልኝ፣ የሊቀ መንበራችን ቃል እንደ መሐላ የጸና ነው፣ ለአማቾቼ አነጥፋለሁ ካለ ያነጥፋል ብዬ ጮክ ብዬ ማመስገኔ ግን እውነት ነው። ሰማውም እዚያው ተሰልፎ ነበር። መሪን ማመስገን በደንባችን አይከለከልም።

ሲነጋ ለምርቃት የተነሡት የሞጣ ሽማግሌዎች በአንድ እጃቸው እየመረቁ በአንድ እጃቸው ያክኩ ነበር። አሜን ስንል ያላከከ ሰው አልነበረም። የሙሽራዪቱ አባት አቶ ሀብተ ሥላሴ አንገታቸው በርበሬ የመሰለ፣ ጨዋነታቸው ግን ያልተነካ ሰው ናቸውና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልን አማቼ፤ ስንመጣ ብቻችንን ነበርን፣ ስንሄድ ግን አጃቢ ጨመሩልን» አሉዎት። እርስዎም፣ ቢምቢ ነው አሉ። በጥር ቢምቢ የት አለ ቢባሉ፣ የውኃ ለውጥ ነው አሉ። ቢቸናና ሞጣ የሚጠጡት ውኃ እንዲህ የሚጣላ ከሆነ ልጆቻችን እንዴት ተጋብተው ይኖራሉ? አሁን እንደሰማሁት አጃቢዎቹ በየጋቢው እጥፋት ውስጥ ገብተው ደብረ ወርቅን አቋርጠው ሞጣ በሰላም ደርሰዋል፣ የአቶ ሀብተ ሥላሴ መንደርም ሰው ሁሉ ጀርባውን ከምሰሶ እያሸ ይውላል፤ የሙሽራዪቱ እናት በየቀኑ ደውለው መድኃኒቱን ይጠይቃሉ። እርስዎ ደግሞ ለአማችዎ የእህል መድኃኒት እንዲረጩ መክረዋል አሉ። ስለ ሞጣ ዶሮዎች እግዚአብሔር ይርዳ።

እንግዲህ የምለምንዎት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ፍራሾቹን ይስጡኝ፤ ጎላዬ ትልቅ ነው፣ ፀሐዩም የሁላችን ነው፤ ሰማው ተሸክሞ ያምጣልኝ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅም። ዋናው ግን ይህ ነው፤ በዚያው ሾላ ሥር፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በዚያው ጥሩንባና በዚያው ድምፅዎ፣ ከመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ቤት ሰው ይቀመጥ ብለው ያውጁ። ይቅርታ አልጠየቅሁዎትም፤ የሌለዎትን ከየት ያመጡታል? ቃሉን ብቻ ይሻሩት። የአባቴ ሳል እየበረታ ነው። ከሾላው እስከ ቤታችን ሩቅ አይደለም፣ መስኮቱን እከፍትላቸዋለሁ፤ በጆሯቸው ይስሙት። ከዚያ በኋላ አባቴ ሲያልፉ በሰላም ያልፋሉ፣ እኔም ከእርስዎ ጋር የምጻጻፈው ነገር አይኖረኝም።

ለሰጡኝ ስጦታ፣ ላስነፉልኝ ጥሩንባ፣ ለከፈቱልኝ ሰልፍ፣ ላስተማሩኝ ሥራ፣ ከሁሉም በላይ ለዚያች የጋሪ ሰዓት ፊትዎ ዕድሜ ልኬን አመሰግንዎታለሁ። ሥልጣንዎ ይባረክ፣ ወንበርዎ ይጽና፤ ስንጥቁን ግን አንድ ቀን በፈላ ውኃ ይጎብኙት። አልጋዎ የሰላም፣ ጥፍርዎ የማይደክም ይሁን።

ከታላቅ አክብሮትና ከነጭ አንሶላ ጋር፣
አየሁሽ ኃይለ ሚካኤል፣
የዕድሩ አባል፣ እርስዎ ባይወዱም

ከፊርማዬ በኋላ የታወሰኝ፦ ወይዘሮ ጥሩአየሁን ከትናንት ጀምሮ እያፈላለጓቸው ነው አሉ። አይስጉ፣ ደህና ናቸው። ብርድ ልብሳቸውንና ጋቢያቸውን ተሸክመው መጥተው ከእኔ ጋር ሲቀቅሉ ዋሉ፤ አሁን ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ሾርባ እያጠጧቸው ነው። አዋጁ እስካልተሻረ ድረስ ወደ ቤት አልመለስም ብለዋል፤ ይህንንም ጮክ ብለሽ ጻፊልኝ ስላሉኝ ጽፌአለሁ። ለእርስዎ የላኩት ቃል፣ «ትኋን የለም ካለ፣ ከሌለው ጋር ይተኛ» የሚል ነው። ከሾላው ሥር አውጀው ሲጨርሱ መጥተው ሊወስዷቸው ይችላሉ፤ በሩ ክፍት ነው። ጋቢዎን ግን ውጭ አራግፈው ይግቡ።